250 ሚሊ ሊትር አሲድ፣ ሦስት መልስ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። መምህራችን ይህን ጥያቄ ሰጡን፦ በክብደት 98 በመቶ የሆነ፣ ዴንሲቲው በሚሊ ሊትር 1.84 ግራም የሆነ 250 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ አለ። ውስጡ ስንት ሞል ሰልፈሪክ አሲድ ይገኛል? ሞላር ማሱን 98 አድርጉት ተብለናል። እኔ 2.5 አገኘሁ፤ ቁጥሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ልክ ነኝ ብዬ ነበር። አብራኝ የምታጠናው ልጅ 4.69 አለች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ 4.6 ብለው እንደጻፉ ደወል ተደወለና ወጡ። የጥናት ጓደኞቼ ‹ቀመሩን ሸምድጂውና ሌላውን ተዪው› ይሉኛል። ሸምድጄዋለሁ፤ ግን ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ይጠፋብኛል። ባትሪ ቤት የሚሠራው ወንድሜ ደግሞ ‹ይሄማ የኛ አሲድ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። ፈተናው እየደረሰ ነው። ምን ይሻለኛል?»

መልስ

ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንቺ 2.5ሽን ሳትደብቂ ከጓደኛሽ መልስ ጋር አብረሽ ስለላክሽልኝ ሥራዬን አቅልለሽልኛል። ሁለቱ ስሕተቶች የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱንም እናያቸዋለን። መጀመሪያ ግን ደወሉ ያቋረጠባችሁን እንጨርስ።

መምህርሽ ልክ ናቸው፤ 4.6 ሞል ነው። 250 ሚሊ ሊትሩ በ1.84 ሲባዛ 460 ግራም ይሆናል። ይህ 460 ግራም የሶሉሽኑ ክብደት ነው፤ አሲዱም ውስጡ ያለችው ትንሽ ውሃም አብረው ተመዝነው። ከዚህ ውስጥ ንጹሕ አሲድ የሆነው 98 በመቶው ብቻ ስለሆነ፣ 460 በ0.98 ተባዝቶ 450.8 ግራም ይወጣል። ይህኛው የአሲዱ ብቻ ነው። የአንድ ሞል ክብደት፣ ማለትም ሞላር ማሱ፣ 98 ግራም ስለሆነ 450.8ን ለ98 ስናካፍል 4.6 ሞል አገኘን።

«ታዲያ እኔ የት ላይ ጠፋሁ?» ካልሽ፣ 4.6ን ለራስሽ መልስ፣ ለ2.5 አካፍዪው። 1.84 ይመጣል። የዘለልሽው ዴንሲቲውን ነው ማለት ነው። ጓደኛሽም 4.6ን ለ4.69 ብታካፍል 0.98 ይመጣላታል፤ እሷ የዘለለችው ፐርሰንቱን ነው። ይህን ዘዴ ያዢው። ትክክለኛው መልስ ታውቆ ያንቺ ከሱ ሲለይ፣ አንዱን ለሌላው አካፍለሽ የሚወጣውን ቁጥር ጥያቄው ውስጥ ፈልጊ። ብዙ ጊዜ የተረሳው ቁጥር ራሱ ብቅ ይላል።

የጓደኛሽ ስሕተት ለምን እንደመጣ መገመት አይከብድም። ጥያቄው ውስጥ 98 ሁለት ጊዜ አለ። አንዱ ፐርሰንት ነው፣ ሌላው ሞላር ማስ። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ የተጻፈ ይመስልና ሰው አንዴ ብቻ ተጠቅሞበት ያልፋል። እሷም 460ን በቀጥታ ለ98 አካፈለችው፤ 460ው በሙሉ አሲድ እንደሆነ አድርጋ ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ «ተቀራራቢ ነው» ብላ እንዳትተወው ንገሪያት። አሲዱ 98 በመቶ ባይሆን 37 በመቶ ቢሆን ኖሮ መልሷ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሳሳት ነበር።

ያንቺው ግን የብዙ ተማሪ ስሕተት ነው፤ ረዘም አድርጌ ላስረዳሽ። 250ን በ0.98 አባዝተሽ 245 አገኘሽ፣ እሱን ለ98 አካፍለሽ 2.5 አልሽ። ሚሊ ሊትሩን እንደ ግራም ቆጠርሽው። ይህ ከውሃ የመጣ ልማድ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሊትርና ኪሎ በሐሳባችን ውስጥ አንድ ሆነው ይቀራሉ። ጎጃም አድገሽ ግን ማር ታውቂያለሽ። ውሃ ሲሞላበት አንድ ኪሎ የሚይዝ ዕቃ ማር ሲሞላበት 1.4 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ማሩን በሊትር ሰፍሮ በኪሎ ዋጋ የሚሸጥ ገበሬ ከየሊትሩ ላይ 400 ግራም ያህል በነጻ ሰጠ ማለት ነው። አንቺም አሲዱ ላይ ያደረግሽው ይህንኑ ነው፤ 460 ግራም የሚመዝነውን 250 ብለሽ አስረከብሽው።

ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ ከማርም ይከብዳል። ጠንካራው አሲድ ብዙ ጊዜ ለላብራቶሪ የሚመጣው በ2.5 ሊትር ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን እንደ ውሃ ቆጥሮ በአንድ እጁ ብድግ ሊያደርገው የሚሞክር ሰው ክንዱ ወደ ታች ይሳባል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ብቻውን 4.6 ኪሎ ነውና። ስለዚህ ነው አንገቱን በአንድ እጅ፣ ታቹን በሌላው ደግፎ መያዝ ግዴታ የሆነው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንድ ቀን መምህርሽ ካሳዩሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ፐርሰንቱ አለ፣ ዴንሲቲው አለ፣ ሞላር ማሱ አለ። የተሰጠሽ ጥያቄ ሰው ለማስጨነቅ የተፈጠረ አይደለም፤ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር የሚሠራው ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልምጣ። አንቺ የስሌት ችግር የለብሽም፤ ማባዛቱንም ማካፈሉንም አሳምረሽ ትችያለሽ። የጎደለሽ አንድ ልማድ ነው፤ ከያንዳንዱ ቁጥር ጎን የማን እንደሆነ መጻፍ። «ግራም» ብለሽ ብቻ አትለፊ። የምን ግራም? የሶሉሽኑ ወይስ የአሲዱ? ያንቺን ጥያቄ ደብተርሽ ላይ እንዲህ አድርገሽ አስፍሪው፦

ያለኝ፦ 250 ሚሊ ሊትር ሶሉሽን
1 ሚሊ ሊትር ሶሉሽን = 1.84 ግራም ሶሉሽን
100 ግራም ሶሉሽን = 98 ግራም አሲድ
98 ግራም አሲድ = 1 ሞል አሲድ

አየሽ? ዴንሲቲው በሁለቱም በኩል የሶሉሽኑ ነው፤ አሲዱን ለብቻው አያውቀውም። ፐርሰንቱ በአንድ በኩል ሶሉሽን፣ በሌላው በኩል አሲድ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግርሽ እሱ ብቻ ነው። ሞላር ማሱ ደግሞ በሁለቱም በኩል የአሲዱ ነው። መንገዱ ከዚህ ወዲያ አይጠፋሽም። ሚሊ ሊትር ሶሉሽን ይዘሽ ፐርሰንቱ ጋ ብትሄጂ፣ እሱ የሚጠይቅሽ ግራም ሶሉሽን ስለሆነ አያስገባሽም፤ መጀመሪያ ዴንሲቲው ጋ መሄድ አለብሽ። ሁለቱ 98ቶችም ተለያዩ። አንዱ ከ100 ግራም ሶሉሽን ጋር ተጽፏል፣ ሌላው ከ1 ሞል ጋር። ጓደኛሽ እንዲህ ጽፋ ቢሆን ኖሮ አንዱን አትውጠውም ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያምር ነገር ላሳይሽ። ሦስተኛውንና አራተኛውን መስመር አንድ ላይ አንብቢያቸው። 100 ግራም ሶሉሽን ውስጥ 98 ግራም አሲድ አለ፣ 98 ግራም አሲድ ደግሞ 1 ሞል ነው። ስለዚህ 100 ግራም ሶሉሽን ውስጥ ልክ 1 ሞል አለ። 460 ግራም ከሆነ 4.6 ሞል ነዋ! ምንም ማካፈል ሳያስፈልግሽ መልሱ ላይ ደረስሽ። ይህ የሚሠራው ፐርሰንቱና ሞላር ማሱ አንድ ቁጥር ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ግን ቁጥሮቹ የማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ያያል።

ስለ ቀመሩ ጠይቀሽኛል። ጓደኞችሽ የሚሉሽ ቀመር ሞላሪቲ (በአንድ ሊትር ሶሉሽን ውስጥ ያለው ሞል) እኩል ነው 10 ሲባዛ በፐርሰንት፣ ሲባዛ በዴንሲቲ፣ ሲካፈል ለሞላር ማስ የሚለው ይመስለኛል። ልክ ነው። ባንቺ ጥያቄ 10 በ98 በ1.84 ተባዝቶ ለ98 ሲካፈል 18.4 ይሰጣል። ግን 10ሩ ከየት መጣ? አንድ ሊትር ስለምንወስድ 1000 ሚሊ ሊትር፣ ፐርሰንቱ ከመቶ ስለሆነ ሲካፈል ለ100፤ 1000 ለ100 አሥር ነው። ይህንን ያላወቀ ተማሪ 18.4ን አግኝቶ መልስ ነው ብሎ ያከብበዋል። 18.4 ግን በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ነው፤ አንቺ ያለሽ ሩብ ሊትር ስለሆነ በ0.25 አባዝተሽ ነው 4.6 የሚመጣው። ቀመሩን አትጣዪው፣ ጊዜ ይቆጥብልሻል። ብቻ ከአራቱ መስመሮች ራስሽ ደጋግመሽ ካወጣሽው በኋላ ተጠቀሚበት። አንዴ ካወጣሽው፣ ዴንሲቲው በኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ተሰጥቶ 1840 ብታዪ አትደነግጪም፤ ለ1000 ታካፍዪና 1.84 ብለሽ ትቀጥያለሽ።

«ጥያቄው ዞር ሲል ይጠፋብኛል» ያልሽው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እውነተኛው ችግር እዚያ ነው።

አንደኛው መዞሪያ ዴንሲቲ ተሰጥቶ የማያስፈልግበት ጊዜ ነው። በክብደት 37 በመቶ የሆነ፣ ዴንሲቲው 1.19 የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሞላሊቲው ስንት ነው ብትባዪ፣ ሞላሊቲ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ የሚቆጠር ሞል ስለሆነ ሚሊ ሊትር የሚባል ነገር የለበትም። 100 ግራም ሶሉሽን ውሰጂ። 37 ግራሙ አሲድ፣ 63 ግራሙ ውሃ ነው። 37 ለአሲዱ ሞላር ማስ፣ ለ36.5 ሲካፈል 1.014 ሞል፤ እሱን ለ0.063 ኪሎ ግራም ብታካፍዪ 16.1 ነው። 1.19ን አልነካሽውም። ሞላሪቲው ቢሆን ግን ትፈልጊዋለሽ፤ 1190 ግራም በ0.37 ተባዝቶ 440.3 ግራም፣ ለ36.5 ተካፍሎ 12.06 ሞል በሊትር። ያው ጠርሙስ አንዴ 16.1፣ አንዴ 12.06 ተባለ። አንዱ ስሕተት እንዳይመስልሽ፤ የተካፈለው ለተለያየ ነገር ነው።

ሁለተኛው መዞሪያ ፐርሰንቱ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ተማሪ ይወድቃል። «በመቶ» ሲባል ሁልጊዜ በክብደት ማለት አይደለም። ከፋርማሲ ለቁስል ማጽጃ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል አብዛኛውን ጊዜ በይዘት የተለካ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 70 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ማለት ነው። ሞሉን ለማግኘት የሚያስፈልግሽ የሶሉሽኑ ዴንሲቲ ሳይሆን የንጹሕ ኢታኖል ዴንሲቲ ነው፤ 0.789። 70 በ0.789 ተባዝቶ 55.2 ግራም፣ ለ46 ተካፍሎ 1.2 ሞል። ቀሪው 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው ብለሽ ግን እንዳትደመድሚ፤ ኢታኖልና ውሃ ሲቀላቀሉ ይዘታቸው ይቀንሳል። 50 ከ50 ብትቀላቅዪ 100 ሚሊ ሊትር አይሞላም፤ 96 ወይም 97 ላይ ይቆማል። ግራም ይደመራል፣ ሚሊ ሊትር ግን ሁልጊዜ አይደመርም።

ሦስተኛው ደግሞ ሆስፒታል ታሞ የተኛ ሰው አልጋ አጠገብ የሚሰቀለው የጨው ውሃ ነው። 0.9 በመቶ የሚለው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.9 ግራም ጨው አለ ማለት ነው፤ ግራሙ የጨው፣ ሚሊ ሊትሩ የሶሉሽኑ። ዴንሲቲ አይገባበትም። በሊትር 9 ግራም፣ ለ58.44 ሲካፈል 0.154 ሞል።

ስለዚህ ፐርሰንት ባየሽ ቁጥር መጀመሪያ «የምን ከምን?» ብለሽ ጠይቂ። ግራም ከግራም ከሆነና የተሰጠሽ ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ ያኔ የሶሉሽኑን ዴንሲቲ ፈልጊ።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል፤ ምርጫ ጥያቄ ውስጥ ብቅ ይላልና። ደጀን ላይ በጠዋት ብርድ የለካሽውን አንድ ሊትር ሶሉሽን በደንብ ከድነሽ ዓባይ በረሃ፣ ድልድዩ ድረስ ይዘሽው ብትወርጂ፣ ፈሳሹ ሞቆ ትንሽ ይሰፋል። ግራሙ አልተለወጠም፣ ሞሉ አልተለወጠም፣ በክብደት የተሰላው ፐርሰንትና ሞላሊቲውም ባሉበት ናቸው። ሚሊ ሊትሩ ግን ጨምሯል፤ ስለዚህ ዴንሲቲውና ሞላሪቲው ይቀንሳሉ። ፋብሪካዎች ጠርሙሱ ላይ ፐርሰንቱን በክብደት መጻፍ የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። «የኛ አሲድ ነው» ማለቱ እውነት አለው፤ ነገሩ አንድ ነው፣ መጠኑ ግን ይለያል። በደንብ ቻርጅ የሆነ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ዴንሲቲው 1.28 አካባቢ፣ በክብደት ደግሞ 37 በመቶ ገደማ ነው። ሥራ ቦታው የመስተዋት ቱቦ ያለው፣ ራሱ ላይ ጎማ የተገጠመለት መለኪያ አይጠፋም። ጎማውን ጨምቆ ሲለቀው አሲዱ ወደ ቱቦው ይሳባል፣ ውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ ትነሣለች፣ አንገቷ ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል። ያ ቁጥር ዴንሲቲ ነው። ባትሪው ሲደክም ሰልፌቱ ወደ እርሳስ ሳህኖቹ ይገባል፣ በምትኩ ውሃ ይፈጠራል፣ ተንሳፋፊዋም ዝቅ ትላለች። ወንድምሽ «ይህ ባትሪ ወርዷል» የሚለው ውስጡ የቀረው የአሲድ ሞል አንሷል ማለቱ ነው። አንድ ቀን ሄደሽ ሲያነብ ተመልከቺ። እሱ ይያዘው፣ አንቺ ዓይንሽን የሚከልል መነጽር አድርገሽ ቆሚና እዪ።

ስለ አሲድ ካወራን ደግሞ ይህን ሳልል አልለፍም። ጠንካራውን አሲድ የማቅጠን ጥያቄ ሊመጣብሽ ይችላል። ለምሳሌ 500 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ለማዘጋጀት 0.5 ሞል ያስፈልግሻል፤ 0.5ን ለ18.4 ብታካፍዪ 0.0272 ሊትር፣ ማለትም 27.2 ሚሊ ሊትር ከጠርሙሱ ይወሰዳል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ግን አሲዱ ነው ወደ ብዙ ውሃ ቀስ እያለ የሚጨመረው፤ ውሃ ወደ አሲድ ፈጽሞ አይጨመርም። ምክንያቱን ዴንሲቲው ራሱ ይነግርሻል። 1.84 የሆነው አሲድ ላይ 1 የሆነውን ውሃ ብታፈሺ፣ ውሃው ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ሙቀት ከፍተኛ ነው፤ ላይ ያለችው ትንሽ ውሃ ወዲያው ትፈላና አሲዱን ይዛ ትረጫለች፣ ፊትና ዓይን ላይ። አሲዱን ወደ ውሃው ስትጨምሪ ግን አሲዱ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሙቀቱንም ብዙው ውሃ ይካፈለዋል። መምህር አጠገብሽ ሳይኖር ይህን እንዳትሞክሪ፤ ይህን እንደ አባት ነው የምልሽ።

መልስሽን የምታጣሪበት አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ዴንሲቲው ከ1 በላይ ከሆነ የሶሉሽኑ ግራም ከሚሊ ሊትሩ ይበልጣል፤ እንደ 28 በመቶ አሞኒያ፣ ዴንሲቲው 0.90፣ ከ1 በታች ከሆነ ደግሞ ያንሳል። የሶሉቱ፣ ማለትም የሟሟው ነገር (ባንቺ ጥያቄ የአሲዱ) ግራም ከሶሉሽኑ ግራም መብለጥ አይችልም። ከበለጠብሽ ለ0.98 ማካፈልና በ0.98 ማባዛት ተምታቶብሻል ማለት ነው።

ለልምምድ የወንድምሽን አሲድ ልስጥሽ። 400 ሚሊ ሊትር የባትሪ አሲድ፣ ዴንሲቲው 1.28፣ በክብደት 37 በመቶ፣ ሞላር ማሱ 98። ከጓደኛሽ ጋር ተቀምጣችሁ አራቱን መስመሮች በየራሳችሁ ደብተር ጻፉ፣ ከያንዳንዱ ቁጥር ጎን «ሶሉሽን» ወይም «አሲድ» በሉ፣ ከዚያ አስሉት። መልሱ 1.93 ሞል ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣባችሁ 1.93ን ላገኛችሁት አካፍላችሁ የጠፋውን ፈልጉ፤ ካጣችሁት አራቱን መስመሮች እንዳሉ ገልብጣችሁ ላኩልኝ።